ማን ገባ፣ ማን ቀረ፦ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪና የብሔር መዝገብ ታሪክ

የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ስለ አንድ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነገር ይይዛል። አንደኛው ተማሪው ማን እንደሆነ ነው፤ ስሙ፣ ጾታው፣ የትውልድ ቦታው፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ እንደ ዘመኑም ብሔሩ። ሁለተኛው ተማሪው ከገባ በኋላ የሆነው ነው፤ ተመዘገበ፣ አለፈ፣ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፣ አቋረጠ፣ ተባረረ፣ ተመልሶ ገባ፣ ተመረቀ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ በአንድ በር አብረው የገቡ ተማሪዎች አብረው ይወጡ እንደሆነ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ግን ሁለቱ መዝገቦች ያደጉት በየፊናቸው ነው። የተማሪው መነሻ የሚጠየቀው በአብዛኛው መግቢያው በር ላይ፣ ለምደባ ሲባል ነው። ማቋረጥ ደግሞ የሚቆጠረው በተቋም፣ በትምህርት ዘርፍና በጾታ ነው። ይህ አካሄድ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከተለ በቅርብ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ሰሜን ወሎ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያ ነው፤ ከሐራ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ወረዳ ገጠር የወጡ ተማሪዎችም በየዓመቱ ወደ ሌሎች ክልሎች ግቢዎች ይበተናሉ።

ማትሪክ በር በነበረበት ዘመን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር በሉሲየን ማት መሪነት በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያ ቁጥር ማን እንደቀረ ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያሻም፤ መምህሩ ክፍሉን አይቶ ይለያል። ነገሩ የተለወጠው በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሰጥተው፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅና በአዲስ አበባ የነበሩ ሌሎች ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ሲሰባሰቡ ነው። ተማሪው በመቶዎች፣ ቆይቶም በሺዎች ሲቆጠር ማዕከላዊ ሬጅስትራር፣ የተማሪ ማኅደርና የሴሚስተር ሪፖርት የግድ ሆኑ።

የመግቢያው በር ሕዝቡ ‹ማትሪክ› የሚለው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነበር። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ ከግዴታ ትምህርቶቹ መካከል ነበሩ። አማርኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ልጅ ይህ ተጨማሪ ዳገት ነው። ከበሩ በፊት የነበረው ወንፊት ግን ከፈተናው ይበልጥ ጠባብ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባብዛኛው በአዲስ አበባ፣ በኤርትራ፣ በሸዋና በጠቅላይ ግዛት ዋና ከተሞች ተከማችተው ነበር። በወሎ ውስጥ የተሻለ ዕድል የነበረው ደሴ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት የደረሰ ተማሪ ነው። ከየጁ ቆላ ወይም ከሐራ ሜዳ የሚነሳ ልጅ መጀመሪያ ከቤቱ ርቆ የቤት ኪራይና ስንቅ የሚሸፍንለት ዘመድ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ማንንም በብሔሩ ሳይከለክል፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከጥቂት አካባቢዎችና ከሁለት ቋንቋዎች፣ ከአማርኛና ከትግርኛ፣ ተናጋሪዎች የተውጣጡ ሆኑ። ኖርዌያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ራንዲ ሮኒንግ ባልስቪክ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው የተማሪዎች ታሪክ ይህን የማኅበራዊ መነሻ ጥያቄ በስፋት ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ ነው።

ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ መጨረሻ አይደርሱም ነበር። ዋናው ማጣሪያ የመጀመሪያው ዓመት፣ የፍሬሽማን ፕሮግራም ነው። በአንደኛው ሴሚስተር ፈተና ወድቀው ከገና በኋላ ሻንጣቸውን የሚሸክሙትን የግቢው ልጆች ‹ክሪስማስ ግራጁዌት› ይሏቸው ነበር። ቀልዱ የሚያሳየው መባረር እንደ ተቋሙ ችግር ሳይሆን እንደ ጥራት ምልክት ይታይ እንደነበር ነው። ብዙ ተማሪ መጣሉ ዩኒቨርሲቲውን ከባድ፣ የቀሩትንም የተመረጡ ያስመስላል። የወደቀው ልጅ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ በምን ዓይነት እንግሊዝኛ እንደመጣ መጠየቅ የመጣው ቆይቶ ነው።

ጥያቄውን በሙያ የሚያውቅ ሰው ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። ጆን ሳመርስኪል የሥነ ልቦና ምሁር ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮሌጆች በአራት ዓመት ውስጥ ከተማሪዎቻቸው ግማሽ ያህሉን እንደሚያጡ የሚያሳይ፣ በመስኩ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ የጥናት ቅኝት እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትሞ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሳለ በተማሪዎች ዐመፅ ተወጥሮ ሥራውን ለቀቀና በፎርድ ፋውንዴሽን በኩል ኢትዮጵያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልማት ንድፍ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። ማቋረጥን የሚያጠናው ባለሙያ ከአንዱ ዐመፀኛ ግቢ ሸሽቶ የደረሰው ሌላ ዐመፅ ወደሚበስልበት ግቢ መሆኑ ነው።

ጥያቄው ብሔር ሲሆን

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ አስገደደ። አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማሩ። ዓላማው የመምህር እጥረትን ማቃለል ነበር፤ ውጤቱ ግን ከዚያ ሰፋ። በግቢ ውስጥ በወሬ ብቻ የሚታወቀውን የክፍላተ ሀገር ልዩነት ተማሪው በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሳለ በኢትዮጵያ የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚያነሳ ጽሑፍ ‹ስትራግል› በተባለው የተማሪዎች መጽሔት አወጣ። ጽሑፉ አኃዝ የያዘ የጥናት ሥራ አልነበረም፤ የፖለቲካ ክርክር ነበር። ቢሆንም በትምህርት፣ በቋንቋና በሥልጣን ማን የት እንዳለ መጠየቅን ከመታሰብ ወደ መነገር አሸጋገረው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም በግቢው ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው በተደጋጋሚ ተዘጋ፤ ተማሪዎች በብዛት ታገዱ፤ የተመለሱትም አዲስ ማመልከቻ እየፈረሙ ተመዘገቡ። በማኅደሩ ላይ ‹አቋርጧል› የሚለው ቃል ከዚህ ጀምሮ ሁለት ፍቺ ያዘ፤ በውጤት የወደቀም፣ በፖለቲካ የታገደም በአንድ ዓምድ ተጻፉ።

መንግሥት በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. ያካሄደው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ‹ሴክተር ሪቪው› በመባል ይታወቃል። ግምገማው ትምህርት በጠቅላይ ግዛቶች መካከልና በከተማና በገጠር መካከል ምን ያህል ተዛብቶ እንደተከፋፈለ በመንግሥት ሰነድ ውስጥ አሰፈረ። የለካው ግን በጠቅላይ ግዛት እንጂ በብሔር አልነበረም። ምክረ ሐሳቡ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ መምህራንን ወደ የካቲቱ አድማ ካስገቡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ዘመቻው ያቋረጠው ትውልድ

ንጉሡን የተካው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ያስጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በግምት 60,000 ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ያህል በሩን ዘጋ። ሲከፈት ተመልሶ ስሙን ያስመዘገበው የዘመተው ሁሉ አልነበረም። አንዱ በዘመቻው ሞቷል፤ ሌላው ወደ ውጭ ሸሽቷል፤ ሌላው ድርጅት ተቀላቅሏል፤ ብዙዎች በቀጣዩ የቀይ ሽብር ዘመን ታስረዋል ወይም ተገድለዋል። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ይህን ያህል የሰፋ የትምህርት መቋረጥ አልታየም። መደበኛው የማቋረጥ ስሌት ግን ለዚህ ቦታ የለውም። ስሌቱ የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲው ክፍት ሆኖ ተማሪው ሲቀር ነው እንጂ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትውልዱ ሲበተን አይደለም።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 109 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንን አቋቁሞ የተማሪ ቅበላን በማዕከል መምራት ያዘ። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት የአገሪቱን ብሔረሰቦች በቋንቋና በአሰፋፈር ዘረዘረ። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራም ብሔረሰብን ጠየቀ። የቀበሌ መታወቂያም ‹ብሔር› የሚል መስመር ነበረው። ስለዚህ በብሔር መመዝገብ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተጀመረ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው መዝገቡ የሥልጣንና የበጀት መሠረት መሆኑ ነው። የደርግ ዘመን የመጨረሻው ትልቅ መቋረጥ የደረሰው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ገቡ። የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከነሱ ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ስብጥር እንደ ፖሊሲ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሉዓላዊነትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን በአንደኛ ደረጃ አስፋፋ፤ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ግን እንግሊዝኛ ሆኖ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የመጣው መስፋፋት ፈጣን ነው። በ1999 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተመሠረተውን ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የ‹ሁለተኛው ትውልድ› ተቋማት ተከፈቱ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የ‹ሦስተኛው ትውልድ› ተከተለ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከዚህኛው ነው። ዋናው ግቢ ከወልድያ ከተማ ዳር ተሠራ፤ የግብርና ትምህርቱ ወደ መርሳ ግቢ ሄደ። በ1983 ዓ.ም. በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ሆኑ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ የፌዴራል ናቸው። ተማሪውን በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ውጤቱ፣ ምርጫውና የተቋማቱ የመቀበል አቅም ተጣጥመው ስሙ ይወጣል። በዚህ ምደባ አንድ የሐራ ልጅ ጅማ ወይም መቱ፣ አንድ የአምቦ ወይም የወላይታ ልጅ ወልድያ ሊደርሰው ይችላል። በየግቢው ከየክልሉ የተውጣጣ ተማሪ እንዲኖር መደረጉ ‹ስብጥር› ተባለ። ልዩ ድጋፍም ነበረ። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ታዳጊ ለተባሉት ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይል ነበር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጆችም፣ ቁጥር 351/1995፣ 650/2001 እና 1152/2011፣ ፍትሐዊ ተሳትፎን ከዓላማዎቻቸው አንዱ አደረጉ።

ይህ ሁሉ የመግቢያ ፖሊሲ ነው። ድጋፉ በአብዛኛው የሚሰላው በክልል፣ ስብጥሩም የሚመዘነው በክልል ነው፤ በተግባር ግን ‹ክልል› የ‹ብሔር› ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ዝቅ ባለ ነጥብ የገባው ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ ለማወቅ የሚያስችል ተመሳሳይ ጥንቃቄ አልተደረገም። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያሳትመው የስታቲስቲክስ ጥራዝ ተማሪን የሚከፋፍለው በዋናነት በጾታ፣ በተቋምና በትምህርት ዘርፍ ነው። በዚህም የተነሳ የሴት ተማሪዎች ማቋረጥ በአኃዝ የሚከራከሩበት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያዝበትና የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት የሚከታተለው ጉዳይ ለመሆን በቃ። የብሔር ልዩነት ግን በአኃዝ ሳይሆን በወሬ፣ በስሞታና በግጭት ብቻ የሚነገር ሆኖ ቀረ።

አንድ መስመርና የየጁ ታሪክ

‹ብሔር› የሚለው መስመር ምን ያህል እንደሚይዝና ምን ያህል እንደሚያፈስ ወልድያ፣ መርሳና ሐራ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህ አገር የቀድሞው የየጁ ምድር ነው። ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር የገዙት የየጁ መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ ዓሊ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ የኦሮሞ ትውልድ ያላቸው፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የተሻገሩ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የተዋሐዱ ጌቶች ነበሩ። ከአካባቢው በስተ ሰሜን ራያ፣ በስተ ምሥራቅ አፋር አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መገኘቱ በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ምድር አንድ ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ ‹ወሎዬ ነኝ› ማለት ይቀናዋል።

የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ግን ሀብሩ ወረዳን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አማራ፣ በሃይማኖቱም በአብዛኛው ሙስሊም አድርገው አሰፈሩት። ቆጠራው የሰዎቹን መልስ ስለያዘ ውሸት አይደለም፤ ግን የዘመኑን ጥያቄ የመለሰ ፎቶግራፍ ነው። ይኸው ተማሪ ወደ ሌላ ክልል ግቢ ሲሄድ የሚታወቀው በዚያ አንድ መስመር ነው። ከወሎ ኦሮሞ፣ ከአርጎባ ወይም ከተቀላቀለ ቤተሰብ የመጣ ተማሪም ከአንድ በላይ መልስ አይሰጥም። በብሔር የሚሠራ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ አኃዝ ይህን ውስንነት ከሥሩ ይዞ ይነሳል። መነሻ ወረዳ፣ የተማረበት ትምህርት ቤትና ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከብሔር ይልቅ ስለ ተማሪው ችግር ብዙ ይናገራሉ። የሐራ ቆላ ልጅና የወልድያ ከተማ ልጅ በመታወቂያ አንድ ናቸው፤ ላቦራቶሪ አይቶ በማያውቅ ትምህርት ቤት መማር ግን አንድ አያደርጋቸውም።

መቆየት እንዴት ይቆጠራል

በሬጅስትራር ቋንቋ የተማሪ ሕይወት በሴሚስተር ይከፈላል። ተማሪው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ይመዘገባል፤ በ‹አድ ኤንድ ድሮፕ› ቀናት ኮርስ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ግሬድ ሪፖርት ይወጣለታል። ነጥቡ ካነሰ ‹ዋርኒንግ›፣ ይበልጥ ካነሰ ‹ዲስሚሳል› ይደርሰዋል። የመመረቂያው አነስተኛ ድምር ነጥብ 2.00 ነው። የተባረረ ተማሪ እንደ ነጥቡ በ‹ሪአድሚሽን› ሊመለስ ይችላል። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር የሚሄድ ደግሞ ‹ዊዝድሮዋል› ሞልቶ ክሊራንስ ይዞራል። ከቤተ መጻሕፍት፣ ከዶርም ፕሮክተር፣ ከካፌ፣ ከስፖርት ክፍልና ከትምህርት ክፍሉ ‹ዕዳ የለበትም› የሚል ፊርማ ይሰበስባል። ያን ወረቀት ያሟላ ተማሪ በመዝገብ የሄደበት ምክንያት ይታወቃል።

ብዙዎች ግን ክሊራንስ ሳይዞሩ ይሄዳሉ። አባቱ የሞተበት፣ ለመመለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ፣ ወደ ዐረብ አገር ጉዞ የጀመረ፣ ወይም በግቢው መቆየት የፈራ ተማሪ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አይመዘገብም፤ በቃ። በመዝገቡ ላይ የሚታየው የምዝገባ አለመኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የማቋረጥ ምክንያቶች ሲዘረዘሩ የውጤት ማነስ ጎልቶ የሚወጣው ዋናው ምክንያት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቢሮው በቀላሉ የሚያየው እሱን ስለሆነም ጭምር ነው።

ስሌቱም ሁለት መልክ አለው። የዓመት ስሌት ዘንድሮ ከተመዘገቡት ስንቱ እንዳቋረጡ ያሳያል። የባች ስሌት ደግሞ በአንድ ዓመት የገቡትን እስከ ምረቃ ይከተላል። ለምሳሌ 1,000 ተማሪዎች ገብተው በየዓመቱ ከነበሩት 8 በመቶ ቢያቋርጡ፣ የዓመቱ አኃዝ ቀላል ይመስላል። በአራት ዓመት ውስጥ ግን የሚቀሩት ከ720 የማይበልጡ ይሆናሉ። ከዓመቱ አኃዝ ብቻ የሚነበበው 80 ሰው ሲቀር ነው፤ የባቹ አኃዝ ከሩብ በላይ መጥፋቱን ያወጣል። ዓመታዊ ሪፖርት የሚቀርበው በመጀመሪያው መልክ ስለሆነ ችግሩ ሁልጊዜ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። በዚያ ላይ ዝውውር ይመጣል፤ ከወልድያ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ተማሪ ለአንዱ ተቋም ጠፊ፣ ለአገሪቱ ግን በትምህርት ላይ ያለ ነው። አንድ አገር አቀፍ የተማሪ መለያ ቁጥር ከሌለ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ጥቅምት 2012 እና ከዚያ ወዲህ

በብሔር ወይም በፖለቲካ ምክንያት ከግቢ መውጣት በ2012 ዓ.ም. አልተጀመረም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቃውሞዎች በኃይል ተበትነው ተማሪዎች ከትምህርት ርቀዋል። በጥር 1996 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዳማ መዛወሩን የተቃወሙ ከ300 በላይ የኦሮሞ ተማሪዎች ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ታግደዋል። ሆኖም የአንድ ግቢ ግጭት ወደ ብዙ የአገሪቱ ግቢዎች የተዛመተው ከወልድያ ተነሥቶ ነው።

ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከእግር ኳስ ጨዋታ ጋር በተያያዘ በተነሳ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ነገሩ ወዲያው የብሔር መልክ ይዞ በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሻገረ፤ በእነዚያም የሰው ሕይወት ጠፋ። ከአማራ ክልል ግቢዎች የኦሮሞ ተማሪዎች፣ ከኦሮሚያ ክልል ግቢዎች የአማራ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር መጨረሻ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ አገራቸው ሲጓዙ የነበሩ የአማራ ተማሪዎች መታገታቸው ፍርሃቱን አባባሰው። የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች እንዲመለሱ አሳሰበ፤ ብዙዎቹ ግን ወደ ክልላቸው እንዲዛወሩ ጠየቁ። ገና መረጋጋት ሳይመጣ በመጋቢት 2012 ኮሮና ግቢዎቹን ሁሉ ዘጋ።

ይህ ክስተት የመዝገቡን ጉድለት አጋለጠ። ተቋማቱ ስንት ተማሪ እንደቀረ ከምዝገባው መቁጠር ይችላሉ። ማን ለምን እንደቀረ፣ ከየት የመጡት ይበልጥ እንደሚቀሩ፣ በየትኛው ትምህርት ክፍል ወይም ዶርም ሕንፃ ችግሩ እንደከበደ ግን ለማወቅ የሚረዳ የተደራጀ ክትትል አልነበረም። ቅድመ ጥንቃቄውም በሌላ መንገድ ተሞከረ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተማሪና ወላጅ በወረዳቸው የሰላም ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ‹የቃል ኪዳን ቤተሰብ› የሚል ሥርዓት ዘርግቶ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከከተማው ነዋሪዎች ጋር አስተሳሰረ፤ ቤተሰቡ ተማሪውን እንደ ልጁ በበዓል ይጠራል፣ ሲታመም ይጠይቃል። ተማሪን በትምህርት ገበታ ለማቆየት ከሰነድ ይልቅ አገሬው የሚያውቀው የዝምድና ልማድ የተጠራበት ሙከራ ነው።

ቀጥሎ በመጣው የሰሜኑ ጦርነት በሩን የዘጋው ወልድያ ራሱ ሆነ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በቆየችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ንብረቱም ወደመ።  የሰሜን ወሎ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አገሪቱ ስትፈተን መፈተን አልቻሉም፤ ከወራት በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ተማሪዎች ደግሞ በ2013 ክረምት በአፋር በኩል ወጥተው በሌሎች ተቋማት ተመደቡ። እነዚህ ሁሉ ከየራሳቸው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቢወጡም ትምህርት የተዉ አይደሉም።

ሌሎች አገሮች የመረጧቸው መንገዶች

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ አንድ ልማድ የለም። ዩናይትድ ስቴትስ ባወጣቻቸው ሕጎች በፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚጠቀም ኮሌጅ ሁሉ የምረቃ መጠኑን በጾታና በዘር ለይቶ እንዲያሳውቅ አስገደደች፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ የሚታየው የስድስት ዓመት ጊዜ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ጊዜ ለመጨቆኛ የተጠቀመችበትን የዘር ምድብ እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ እኩልነትን ለመለካት አቆየችው። እ.ኤ.አ. በ2000 የገቡትን ተማሪዎች የተከተለና በ2007 የወጣ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት 30 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በጥቁሮችና በነጮች ተማሪዎች መካከል ያለው ልዩነትም በበሩ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ከበሩ በኋላም እንደሚሰፋ አሳየ። ይህን ያለ ባች ክትትል ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር።

በተቃራኒው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው የመረጃ ሕግ የዘርና የብሔር መረጃ መሰብሰብን በጥብቅ ገድባለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ በቅኝ ገዥዋ ቤልጅየም የተጀመረውን የብሔር መስመር ከመታወቂያ አጥፍታለች። እዚያ መስመሩ በመንገድ ኬላ ላይ ሰውን ለመግደል አገልግሏል። ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ ብሔርን የሚመዘግብ ሰነድ ጉዳት ወይም ጥቅም የሚያመጣው በማን እጅና በምን ሁኔታ እንደሚነበብ ታይቶ ነው። በስም የተያያዘ መታወቂያና በድምር የወጣ ስታቲስቲክስ አንድ አይደሉም። በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ከአንድ ብሔረሰብ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ካሉ፣ የድምሩ ሠንጠረዥ ራሱ እነሱን በስም ከመጥራት አይለይም። በሠንጠረዥ ውስጥ ትናንሽ ቁጥሮች የያዙ ሳጥኖችን አለማተም የስታቲስቲክስ ሙያ የመጀመሪያ ደንብ የሆነው ለዚህ ነው።

ዛሬ ያለበት ደረጃ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ፣ በሦስተኛው 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። የመግቢያው በር እንዲህ ሲጠብ ለቀሩት የማካካሻ ወይም ‹ሪሚዲያል› ፕሮግራም ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ስለዚህ ተማሪው የሚጠፋባቸው በሮች በዙ፤ ከማትሪክ፣ ከሪሚዲያል፣ ከፍሬሽማን፣ ከመደበኛው ዓመትና ከመውጫ ፈተና በአንዱ ሊቀር ይችላል። እያንዳንዱ በር የራሱ አኃዝ አለው፤ አንዱን ተማሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከተል አኃዝ ነው የሚጎድለው።

የመታወቂያው ሥርዓትም እየተለወጠ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው ፋይዳ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። ይህ በግለሰቡ ላይ የሚነበብ መለያን ያስቀራል፤ ተማሪን ከተቋም ወደ ተቋም ለመከተል የሚያስችል ልዩ ቁጥርም ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ስለ እኩልነት የሚጠየቀው ጥያቄ በመታወቂያ ላይ ሳይሆን በተማሪው ፈቃድ በሚሞላ፣ ከስሙ በተለየ፣ በድምር ብቻ በሚታተም መጠይቅ ሊመለስ ይገባል ማለት ነው። መነሻ ወረዳ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የትምህርት ቤት ዓይነት፣ መፈናቀልና ብሔር በዚህ መንገድ አብረው ቢጠየቁ፣ ማቋረጥ ከየትኛው ጋር ይበልጥ እንደሚያያዝ ይለያል። ያ እስኪሆን ድረስ የሬጅስትራሩ ፋይል ተማሪው ወጣ ብሎ ይጽፋል፤ የወጣበት ምክንያት ግን በዶርም ወሬና በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ብቻ ይቆያል።